ለወይዘሪት የሚስማማ ምግብ

ባሏ ሲስቅ ሰማች። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፤ በረንዳው ላይ ጫማውን እያወለቀ ከት ብሎ ነው የሳቀው። መጋረጃ ሰፊዋ በከንፈሯ ይዛው የነበረውን ስፒል አውጥታ ወደ በሩ ዞረች። ባሏ እቤት ውስጥ የሳቀበትን የመጨረሻ ቀን ለማስታወስ ሞከረች፤ አልመጣ አላት። ዳቦ ጋጋሪ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ወጥቶ የጠዋቱን ዳቦ ያወጣና ሦስት ሰዓት ላይ ይመለሳል፤ ይተኛል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ለማታው ዳቦ ተመልሶ ይሄድና አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይገባል። በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይገባል፤ ለሚስቱ የሚደርሳት ቃል ግን «እህ» ማለቱም ተቆጥሮ ከአሥር አይበልጥም። አሁን እዚያ በረንዳ ላይ፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ወሬውን ይሰልቀዋል። የሚያወራው ደግሞ ከውሻይቱ ጋር ነው።

ውሻይቱን «ወይዘሪት» ይላታል። ነጭ ናት፤ ጆሮዋ ብቻ ቡናማ፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሚስቱን በሃያ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ «ስሚ» ከማለት አልፎ በማዕረግ ጠርቷት አያውቅም። ተጣልተው አይደለም። ቢጣሉማ ይሻል ነበር፤ የተጣላ ይታረቃል። የእነሱ ነገር እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ማን እንደዘጋው ሳይታወቅ ቀጠነ፣ ቀጠነና ጠብ ጠብ ማለት ብቻ ቀረው። ከሁሉ የሚያናድዳት ደግሞ ይህ ነው፦ የስፌት ማሽኗ ሲንኳኳ ያወራል፣ ማሽኑ ሲቆም እሱም ያቆማል። አንድ ቀን ልትሰማው ብላ እግሯን ከመርገጫው ብታነሳ፣ የጀመረውን ነገር መሃል ላይ ጥሎ ጭጭ አለ። ከዚያ ወዲህ እሱ በረንዳው ላይ ሲሆን ጨርቅ ሳታስገባ ባዶውን ትረግጣለች። ማሽኑ እየተንኳኳ ቃሉ አይለይላትም፤ ድምፁ ግን ይሰማታል፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይጠይቃል፣ ራሱ ይመልሳል። ሰው ለሚስቱ የነፈገውን ለውሻ ሲሰጥ ቁጭ ብሎ መስማት ያሳፍራል። እሷም እያፈረች ትረግጣለች።

ወደ ውስጥ ሲገባ ያ ሁሉ ወሬ በረንዳው ላይ ቀረ። ነጩን የሥራ ሱሪና ሸሚዙን መኝታ ቤቱ በር ጀርባ ምስማሩ ላይ ሰቀለ፣ እጁንና ፊቱን ታጠበ፣ የቀረበለትን በላ፤ ከዚያ በየቀኑ የሚጠይቃትን ጠየቃት፤ «ምን በላች?» አላት። መጋረጃ ሰፊዋ የሰዎችን መስኮት ልኬት የምትጽፍበትን ደብተር ገለጠች። ወይዘሪት ከጥርስ ሐኪሙ ሳሎንና ከፀጉር ቤቱ መስኮት መሃል የራሷ ገጽ አላት፤ ጠዋት መቶ አርባ ግራም፣ ማታ መቶ አርባ ግራም፣ ዓሣና ድንች፣ ሌላ ምንም። አነበበችለት። «እከኩስ?» አለ። «እንዳለ ነው» አለችው። ዛሬ ሐኪም ዘንድ እንደምትወስዳት ጨመረችለት፤ ራሱን ነቅንቆ ሊተኛ ገባ። እውነቱን ለመናገር፣ ቃላቸው ከአምስት ወደ አሥር ከፍ ያለው እንኳ የውሻይቱ እከክ ከመጣ ወዲህ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ ያንን ምግብ ግራም በግራም የምትመዝነው ለውሻይቱ አዝና ብቻ አይደለም፤ በቀን ሁለት ጊዜ የምትጠየቀው ነገር እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

የእከኩ ታሪክ ብዙ ነው። የበሬ ሥጋ ነው ተባለ፤ ቀረ። ዶሮ ነው ተባለ፤ ቀረ። እንቁላል፣ ወተት፣ ጉበት ተራ በተራ ከሳህኗ ወጡ፤ ውሻይቱ ግን የሆዷ ቆዳ እስኪላጥ፣ የእግሮቿ ጣት መሃል በምራቅ እስኪቀላ ማከኳንና መላሷን አልተወችም። በመጨረሻ የእንስሳት ሐኪሟ አንድ መንገድ ብቻ ቀረን አለች፤ ስምንት ሳምንት ሙሉ አንድ ዓይነት ምግብ፣ እህል የሌለበት፣ ሌላ ሥጋም ያልነካው፤ ከዚያ ውጪ ፍርፋሪም ቢሆን በአፏ እንዳይዞር። ከዳነች ጥፋተኛው ከድሮ ምግቧ አንዱ ነው ማለት ነው፤ በየተራ እየመለሱ ይለዩታል። ካልዳነች ዕድሜ ልኳን ክኒን ነው፤ ክኒኑ ደግሞ የዘጠኝ ዓመት ውሻ ጉበት አይችለውም። ዛሬ ስድስተኛው ሳምንት ሞላ።

ክሊኒኩ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ነው። መጠበቂያው ክፍል አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የውሻ ጥርስ ሥዕል፣ ጥግ ላይ ቅርጫት ውስጥ ሆና የምታለቅስ የሰው ድመት አለው። ወይዘሪት ሚዛኑን ትፈራለች፤ ሁልጊዜ የኋላ እግሮቿን መሬት ላይ አስቀርታ ግማሽ ክብደቷን ብቻ ነው የምታስመዝነው፤ ሁለት ሰው ገፍቶ ነው ሙሉዋን የሚያወጣት። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ ወሬ የማታበዛ። ውሻይቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝታ ሆዷን፣ ብብቷን፣ የጆሮዋን ውስጥ አየች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየፈለቀቀች በመብራት አየች። ከዚያ ጓንቷን አወለቀችና ደብተሩን ጠየቀች። ገጹን ከላይ እስከ ታች አንብባ፣ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው አይቼ አላውቅም አለች። መጋረጃ ሰፊዋ ደስ አላት። በሥራዋ ግማሽ ሴንቲሜትር የማታሳልፍ ሴት ናትና ምስጋናው አልበዛባትም።

«ግን እቤት ውስጥ የሚያጎርሳት ሰው አለ» አለች ሐኪሟ።

«የለም።»

«አለ። በስድስት ሳምንት እንዲህ ያለ ቆዳ ትንሽም ቢሆን ለስለስ ይላል፤ ይሄ ጭራሽ ብሶበታል። ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ አያት ናቸው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ደብተሯን ተቀብላ ዘጋች። ሐኪሟ ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ግማሹን ነው የሰማችው፤ ሁለት ሳምንት እንደቀራቸው፣ ምክንያቱ እስከዚያ ካልተገኘ ክኒኑን መጀመር ግድ እንደሆነ፣ የሚያሳክከው ነገር በጣም ትንሽ ከሆነም እንደሚበቃ። «አያት» የሚለው ቃል ግን ጆሮዋ ላይ ቀረ። አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ከሹራባቸው ኪስ ደግሞ ብስኩት አይጠፋም።

መቼም ሰውን ከመጠርጠር ዕቃን መጠርጠር ይቀላል፤ ስለዚህ ወደ ቤት ሳትመለስ መጀመሪያ የእንስሳት ምግብ ሱቁ ጋ ጎራ አለች። ባለሱቁን ሠፈሩ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። ድሮ ጫማ ነጋዴ ነበር፤ አሁን በከረጢቱ ጀርባ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በአጉሊ መነጽር እያነበበ ለመጣው ሁሉ ያስተምራል፤ እሱም የተማረው ከዚያው ከከረጢቱ ነው። ያለፈው ከረጢት ሌላ ነገር ተቀላቅሎበት እንዳይሆን እንደጠረጠረች ስትነግረው ቅር አለው። ሌክቸሩን ጀመረ። ዓሣ ከባሕር ሲዘል የተሳለበት ትልቅ ከረጢት አወረደ፤ ሺህ ስድስት መቶ ብር። ገልብጦ አነበበላት፤ የዶሮ ዱቄት፣ የስንዴ ዱቄት፣ የበቆሎ ዱቄት፣ ዓሣው አምስተኛ ተራ ላይ ነው የመጣው። «ለቆዳ አለርጂ» ተብሎ በወርቅ ቀለም የተጻፈበትን ሌላ አወረደ፤ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ። ይሄኛው ደግሞ የበሬ ስብ አለበት። የከረጢት ፊት ለገዢ ነው የሚሳለው፣ ለውሻው የሚጻፈው ከኋላ ነው አላት። መጨረሻ ላይ የእሷን ትንሽዬ ግራጫ ከረጢት አመጣ፤ አራት ሺህ ሁለት መቶ፤ ሥዕልም የለበት፣ ወርቅም የለበት። ዓሣ፣ ድንች፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን፣ አለቀ። ራሷም መነጽሯን አድርጋ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እትዬ፣ ይሄ ከረጢት አይዋሽም» አለ ፕሮፌሰር። «ዋሾው እቤት ነው።»

በዚያ ገንዘብ የአንድ ሙሉ ሳሎን የመጋረጃ ጨርቅ ይገዛ ነበር። ከፈለች። ከረጢቱን አቅፋ፣ የውሻይቱን ገመድ በሌላ እጇ ይዛ በአስፋልቱ ዳር ስትሄድ አማቷን በልቧ ትከሳቸው ጀመር። ትናንት ማታ ውሻይቱ እግራቸው ሥር ነበረች። ከትናንት ወዲያም። ዓይናቸው ደክሟል፣ ልባቸው ሩኅሩኅ ነው፣ ፍርፋሪ መጣል ደግሞ የአሮጊት ወግ ነው። ወይዘሪት በየአምስት እርምጃው ቁጭ እያለች ብብቷን ስታክ ነገሩ ይበልጥ እየተረጋገጠ መጣ። ቤት ስትደርስ ፍርዱ ተጽፎ ያለቀ ነበር።

ስድስት ሰዓት ነው፤ ባሏ ተኝቷል። በዚህ ቤት እስከ ሰባት ሰዓት ተኩል ድምፅ የሚያወጣ የለም፤ በር እንኳ በሁለት እጅ ነው የሚዘጋው። ስለዚህ ጠቡም በሹክሹክታ ሆነ። አማቷ ሳሎኑ መስኮት ሥር ተቀምጠው አሮጌ ሹራብ እየተረተሩ ክሩን ይጠቀልላሉ። ወይዘሪት እንደ ልማዷ ሄዳ እግራቸው ሥር ተጋደመች። መጋረጃ ሰፊዋ ከረጢቱን አስቀምጣ አጠገባቸው ቁጢጥ አለችና ሐኪሟ ያለችውን ተረከችላቸው። ለዘብ አድርጋ ልትጠይቃቸው ነበር ሐሳቧ፤ አፏ ቀደማት።

«እማማ፣ ብስኩት እየሰጧት ነው።»

አሮጊቷ የክሩን ጥቅል ጭናቸው ላይ አኖሩ። የሹራባቸውን ኪስ ገለበጡት፤ አንድ መሐረብ፣ ሁለት አዝራር፣ ግማሽ ፓኬት ብስኩት ወጣ። ብስኩቱን አንስተው ዓይኗ ሥር አቀረቡላት።

«ስድስት ሳምንት ሙሉ» አሉ በሹክሹክታ፣ «ይህን መጸዳጃ ቤት ገብቼ፣ ቆልፌ ነው የምበላው። ፍርፋሪው እንዳይወድቅ እጄን አገጬ ሥር አድርጌ። በሰማንያ አንድ ዓመቴ።»

መጋረጃ ሰፊዋ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አማቷ መጸዳጃ ቤት ገብተው ሲቆዩባት ሆድ ድርቀት ነው ብላ ሽሮፕ ገዝታላቸው ነበር፤ እሳቸውም ላለማስቀየም ብለው ሦስት ማንኪያ ጠጥተውላታል። አሮጊቷ ግን ገና አልጨረሱም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አሉ። በዚህ ቤት የዚያችን ውሻ ሕግ ከእሳቸው የበለጠ የጠበቀ ካለ ይምጣ አሉ። ከዚያ ልቧን ሊያቆስሉ ይመስላል፣ እንዲህ ብለው አከሉ፦

«የዚህች ውሻ አፍ ከሳህኗ ሌላ የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ የልጄ እጅ ላይ። ጠዋትም ማታም እስከ ክርኑ ትልሰዋለች፤ እሱም የሚታጠበው እሷ ከጨረሰች በኋላ ነው። በይ እንግዲህ እሱንም ከልክያት።»

ክሩን አንስተው መጠቅለል ቀጠሉ። መጋረጃ ሰፊዋ ግን «የልጄ እጅ» የሚለውን ይዛ ተነሳች። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ መኝታ ቤት ገባች። ባሏ በጀርባው ተኝቶ ያንኮራፋል። ከምስማሩ ላይ ሱሪውን አውርዳ ወደ መስኮቱ አቀረበችው። ሃያ ስድስት ዓመት አጥባዋለች፤ ሊጥ በሙቅ ውሃ ሙጫ እንደሚሆን፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ እንደሚነከር፣ ዱቄት የስፌት መስመር ውስጥ ገብቶ እንደሚደበቅ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። የሱሪው ጉልበት በደረቀ ሊጥ ድርቅ ብሏል። ከታች ያለው እጥፋት ግን ንጹሕ ነው፤ ውሻ የላሰው ንጽሕና። ስንዴ። ከሳህኗ በመጀመሪያው ቀን ያወጡት ስንዴ በቀን ሁለት ጊዜ በእግሩ እየሄደ ይመጣላት ነበር። ወር ሙሉ ዶሮውን ሲከሱ፣ ወር ሙሉ በሬውን ሲከሱ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅሙ ኖረዋል። ማታ ማታ ሆዷን ቅባት የሚቀባትም እሱ ነው፤ በዚያው እጅ።

የተሰማትን ሳንደብቅ እንናገር ከተባለ፣ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው። ጥፋተኛው እሱ ነው። ያ የበረንዳ ጨዋታ፣ ያ የተነፈገችው ሳቅ፣ በሐኪም ትእዛዝ ይቆማል። ደስታው ሱሪውን መልሳ ምስማሩ ላይ እስክትሰቅል እንኳ አልቆየላትም። ባሏን አየችው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፤ ሲታጠብ የማያገኛት ቦታ ናት። እንጀራዬ ብሎ በያዘው ነገር ያቺን ፍጥረት ሲያሳክካት መክረሙን ማን ይነግረዋል? ከነገረችው በኋላስ በረንዳው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ምን ይሆናል?

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ። ምሳውን በላ፤ ሐኪሟ ምን አለች ብሎ ጠየቃት። ምክንያቱን እየፈለግን ነው አለችው። ያን ጊዜ ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን አማቷ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል፣ እሱም ሰዓቱን ያያል፣ እሷም ሳህኑን አነሳች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ነቅዟል። ሱሪውን ለብሶ ወጣ። ወይዘሪት እስከ አጥሩ በር ሸኘችው፤ እሱም ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር በጆሮዋ ነግሯት ሄደ።

ሐኪሟ ጋ ደወለች። ባለቤትዎ ሥራቸው ምንድን ነው ተብላ ስትጠየቅ ነገረቻት። ይሄ ለምን እስከ ዛሬ አልተነገረኝም አለች ሐኪሟ። መጋረጃ ሰፊዋም የተጠየቅሁት ውሻይቱ የምትበላውን እንጂ ባሌ የሚሠራውን አይደለም አለቻት። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ስንዴ መሆኑ ገና አልተረጋገጠም፤ ሆኖም ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ልብሱ ከቤት ውጪ ይውለቅ፣ ውሻይቱ ሳታገኘው እስከ ክርኑ በብሩሽ ይታጠብ፣ ስምንቱ ሳምንት ደግሞ ከአንድ ይጀመር ተባለ። ያለፉት ስድስት ሳምንታት እንዳልነበሩ ይቆጠራሉ። መጋረጃ ሰፊዋ የወይዘሪትን ገጽ ከደብተሩ ላይ ቀደደችና በአዲስ ገጽ ስሟን ጻፈች።

ከዚያ ወደ ማዕዘኑ ሱቅ ወርዳ ብስኩት ገዛች። አማቷ ከመስኮቱ ሥር አልተነሱም። ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ አፌ ቀደመኝ አለቻቸው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አሉ አሮጊቷ፣ ቀና ሳይሉ። ፓኬቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። በጎን አዩት፤ መሃሉ ክሬም ያለው ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ነው አለቻቸው። ኪሳቸው ከተቱት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው ተነጋገሩ፤ መጋረጃ ሰፊዋ ስለ ሱሪው፣ ስለ ስንዴው፣ ሐኪሟ ስላለችው ሁሉ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ክሩን ጣታቸው ላይ እየጠመጠሙ ሰሙ። ሲያልቅ፣ «ልጄ ከእሷ ሌላ የሚያጫውተው ማን አለው?» አሉ። ክፋት አልነበረበትም፤ እናት ስለ ልጇ አስባ የተናገረችው ነው። ያም ሆኖ መጋረጃ ሰፊዋ ተነስታ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች፤ የፀጉር ቤቱን መጋረጃ አንዱን ጠርዝ ሁለት ጊዜ አጥፋ ሰፋችውና እንደገና መተርተር ነበረባት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ወይዘሪትን ከአማቷ ጋር ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋች። በረንዳው አጠገብ ካለው ቧንቧ ሥር ሳፋ አኖረች፤ ሳሙና፣ የጥፍር ብሩሽ፣ ፎጣ። የቤት ልብሱን አጣጥፋ አግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠች። ባሏ አጥሩን ገፍቶ ሲገባ ማንንም ከማየቱ በፊት መሬት መሬቱን አየ።

«የት ናት?»

ጓዳው ውስጥ ወይዘሪት ኮቴውን ሰምታ ማላዘን ጀምራለች። መጋረጃ ሰፊዋ ሳፋውን እያየች ነገረችው፤ ከሱሪው እጥፋት ጀምራ እስከ ሐኪሟ ትእዛዝ። ብዙ ቃል ነበር፤ ለእሱ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ከተናገረች ስንት ጊዜዋ ነው። እሱ እጆቹን ከሰውነቱ ራቅ አድርጎ ቆሞ ሰማት። ከዚያ መዳፉን ገልብጦ አየው። ጣቶቹ መሃል የደረቀ ሊጥ አለ፤ የክንዱ ፀጉር እስከ ክርኑ ነጥቷል።

«እኔ ነኝ ያሳመምኳት?»

«ዱቄቱ ነው።»

«ቅባቱን የምቀባት እኔ ነኝ እኮ» አለ።

ሸሚዙን አውልቆ ቧንቧው ሥር ጎንበስ አለ። ያለ ቅጥ ነው የታጠበው። ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ቦረሸ፤ ክንዱን ቆዳው እስኪቀላ ፈተገ፤ አጠበና እንደገና ሳሙና መታ። ሳፋው ውስጥ ያለው ውሃ ወተት መሰለ፤ መጋረጃ ሰፊዋ ደፋችውና ሌላ ሞላችለት። በየቀኑ እንዲህ እንዲሆን፣ ነጭ ልብሱን እዚሁ ውጪ የሚያኖርበት ሳጥን እንደምታዘጋጅ፣ ሁለተኛ ፎጣም እንደምትገዛ ነገረችው። የምትለው ስታጣ ነው ስለ ፎጣ የምታወራው።

«ብዙ አትድከሚ» አለ ጀርባውን እንደሰጣት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ዱቄት አይነካኝም፤ ትድናለች።»

አልገባትም። «ወደ ሽያጩ አዛወሩህ?» አለችው።

«አሰናበቱኝ።»

ውሃው ይፈስሳል። እሱም እጁን ከሥሩ ሳያወጣ በደረቁ ተናገረው። ማሽን ገብቷል፤ ያቦካል፣ ይቆርጣል፣ ያድቦለቡላል፣ ራሱ ምድጃ ይከታል። የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነው፤ ሁለቱ ተመርጠዋል፤ እሱ የለበትም። በስም ጠርተው ቢሮ አስገብተው፣ ወንበር ሰጥተው ነው የነገሩት። ወንበር ሲሰጡኝ ያኔ ገባኝ አለ፤ በሃያ ስድስት ዓመት እዚያ ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም።

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«ሦስት ሳምንት አለፈው።»

«ለማን ተናገርክ?»

ዓይኑ ወደ ጓዳው በር ሄደ። መጋረጃ ሰፊዋ ተናደደች፣ ተዋረደች፣ ወዲያውም አሳዘናት፤ ሦስቱ ባንድ ላይ መጥተው የቱን እንደምታስቀድም ቸገራት። ሦስት ሳምንት ይህን ተሸክሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲነሳ፣ እሷ አጠገቡ ተኝታ ነበር። ቧንቧውን ዘጋችው።

ጓዳው ውስጥ ወይዘሪት በሩን በጥፍሯ ትቧጥጣለች። አማቷ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ፤ ልልቀቃት ወይ፣ በሩን ልትገነጥለው ነው አሉ። ባሏ ቀና አለ። ክንዱ ንጹሕ ነው፤ ውሃው ከክርኑ ይንጠባጠባል። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ሚስቱን አያት።

«ትንሽ ይያዙልኝ፣ እማማ» አለች መጋረጃ ሰፊዋ። ፎጣውን ሰጠችው። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያለውን ልብስ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ተቀመጠች፤ አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችለት።

«ና ቁጭ በል» አለችው። «ከመጀመሪያው ንገረኝ።»